ወጡ ፎቶ ሳይነሳ አይበላም

የሸዋ ሮቢት ምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ኋላ ቀርታችኋል። በክፋት አይደለም የምናገረው፤ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ብርሃኑን አይቼ ተመልሼ ነው። (ብርሃን ማለቴ ለአፌ ያህል ነው፤ የገባሁበት ቤት ጨለማ ነበር።)

የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነው። ለካ ከተማ ውስጥ ሰው ስለራበው ብቻ ምግብ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ስልኩን ያወጣል። ቲክቶክ ላይ "እዚህ ካልበላችሁ ኖረናል አትበሉ" የተባሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ያያል፣ ጓደኞቹ ጋ ይደውላል፣ ያማክራል። ምክክሩን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወጡን ያነሳ ሰው አልነበረም። ቫይቡ እንዴት ነው? መብራቱ ፎቶ ያወጣል? እነማን እዚያ ታይተዋል? ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመስሁ ሰውዬ "የማይረሳ ቤት" እስኪገኝልኝ ሆዴን ይዤ ተቀመጥሁ። ተገኘ፣ ቦሌ።

ስንገባ አገሬ የተመለስሁ መሰለኝ። ከጣሪያው ላይ እናቴ ወተት ትንጥበት የነበረው ዓይነት ቅል ወርዷል፤ ሆዱ ውስጥ አምፖል አለ። ግድግዳው ላይ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሞፈር ከነቀንበሩ ተሰቅሏል። የጎደለው በሬው ብቻ ነው፤ እሱም ሜኑው ላይ በጥብስ ረድፍ ተገኝቷል። በርጩማው ላይ መቀመጥ ቻልሁ፣ መነሳቱን ግን ሁለት አስተናጋጆች አግዘውኛል።

ሜኑውን ሳነብ የማሽላ እንጀራችን "ግሉተን የሌለው" የሚል ማዕረግ ተቀብሎ አገኘሁት። በእኛው ቀወት ወረዳ ጤፍ ሲወደድ የሚበላ ማሽላ፣ ቦሌ ሲደርስ ከጤፍ በላይ ተቀምጧል። ማሾም ነበረች። እኛ እንዘራታለን፣ እንለቅማታለን፣ በኩንታል ለነጋዴ እናስረክባታለን፤ አብዛኛዋም ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች። አሁን "ሙንግ ቢን ሰላጣ" ተብላ፣ አንድ ጭብጥ የማትሞላ ሆና፣ የሰፊ ነጭ ሳህን መሐል ላይ ተኮራምታ ሳያት እንደጠፋ ዘመድ ልንላቀስ ምንም አልቀረን።

ጥብሱ በሸክላ ከነፍሙ እየተንቸሰቸሰ መጣ። እጄን ሰደድሁ።

"ቆይ ጋሼ! እንዳይነኩት!"

ዝንብ ወይም መርዝ የታየው መስሎኝ እጄን ሰበሰብሁ። የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ። ከላይ አነሳው፣ ከጎን አነሳው፣ በርጩማው ላይ ቆሞ አነሳው። ከጎናችን የነበሩት ልጆችም ቆመዋል፤ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ያልሁት እኔና ማሾዋ ብቻ ነን። ፍሙ አመድ ለበሰ፣ ቅቤው ረጋ። "አሁን ይጉረሱ ጋሼ... አይዋጡት፣ አልተቀረጸም፣ ልድገመው።" ጉርሻ ሲደገም ኖሬያለሁ። ላለመዋጥ ስለመን ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሒሳቡ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ከዚያ 10 በመቶ "ሰርቪስ ቻርጅ" ተደምሯል። የአገልግሎት ነው ተባልሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካሜራ ያገለገልሁ እኔ ስለሆንሁ 10 በመቶው ለእኔ የሚሰጥ መስሎኝ ጠብቄ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር ብለው እንደሸሹ፣ አፄ ምኒልክም ራሳቸው በልተው፣ ራሳቸው ከፍለው እንዳለማመዷቸው ይተረካል። ያኔ የሚያሳፍረው መክፈል ነበር። ዛሬ የሚያሳፍረው በትንሽ ብር መጥገብ ነው። እናንተ ግን የአንኮበር ጎረቤት ሆናችሁ ሳለ፣ ከምኒልክ ትምህርት የያዛችሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ተመልከቱ። መንገደኛው ከጣርማበር ዋሻ ጭጋግ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ወርዶ፣ ጃኬቱን እያወለቀ ይገባል። ምን ታደርጉታላችሁ? ቀዝቃዛ ውኃ ትሰጡታላችሁ። እጁ ሳይደርቅ ትሪው ይደርሳል። ወጡ ሲያልቅ "ይጨመር?" ትላላችሁ። ይጨመር! አሥራ አንድ ሰው የሚያይበት አዳራሽ ውስጥ! ረዳቱ "ደሴ፣ እንሂድ!" ብሎ ሲጮህ ሰዉ ጠግቦ፣ አፉን ጠርጎ ይነሳል። በሃያ ደቂቃ በልቶ የጠገበ ሰው ለወዳጆቹ የሚያሳየው ምን ይኖረዋል?

አምፖላችሁን ቀንሱ። ማራገቢያውን አጥፉት፣ ድምፁ ቪዲዮ ያበላሻል፤ በሮቢት ሙቀት የሚወርደው ላብ ደግሞ ፊት ላይ ያበራል። ማንጎውን በሰሃን ቆልሎ ማቅረብ ይቅር፤ አንዷን ለአራት ሰው ስንጥቋት፣ "ትሮፒካል" በሏት። ከ700 ዓመት በፊት ሱልጣኔት የነበረ ስም ታቅፋችሁ በራችሁ ላይ "ምግብ ቤት" ብላችሁ ትጽፋላችሁ? "ይፋት ሎውንጅ" በሉት እንጂ! አስተናጋጇም ደንበኛውን "ወንድሜ" ማለቷን ታቁም፤ ከተማ ውስጥ ያስተናገደኝ ልጅ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝም፣ የደረጃ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ በቀደም ለለቅሶ ሮቢት መጥቶ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቤት ወሰድሁት። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ሽሮውን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ለጭማሪው ሒሳብ አልተጠየቅንም።