የገናን ድራማ ለማበላሸት

ታኅሣሥ ሲገባ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሌሎቹ የደቡብ ቆላ ከተሞች በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የገና ድራማ ጥናት ይጀመራል። አዘጋጁ እናንተ ከሆናችሁና ልጅን ማሸማቀቅ ከፈለጋችሁ፣ ሥራው ገጸ ባሕርይ በምታከፋፍሉበት ቀን ያልቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ የምጽፈውም እንዲቀር ስለምፈልግ ነው።

ከማርያም ጀምሩ። ልጃገረዶቹን አሰልፉና ቀይዋን፣ ጸጉረ ረጅሟን አውጡ። ንግግሩን በቃሏ የያዘችው የትኛዋ እንደሆነች፣ የማን ድምፅ ኋላ ወንበር ድረስ እንደሚሰማ አትፈትኑ። ጥቁሯ ልጅ እጇን ካወጣች «አንቺ መጋረጃ ትይዣለሽ» በሏት። እጇን ቀስ አድርጋ ስታወርድ አትዩ።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ክፉን ሰው ፊቱን በጎን አዙረው፣ በአንድ ዐይን ይሥሉታል። እናንተ ያን ያህል አትድከሙ፤ ለሄሮድስ ከክፍሉ በጣም የጠቆረውን ጥሩ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታበት፣ አማርኛው ገና ያልተቃናለት ልጅ ደግሞ ጦር ይዞ ዝም ብሎ ይቁም።

እረኛውን ለመምረጥ አታስቡ፤ ከገጠር የመጣው ልጅ አለላችሁ። «ይሄማ ያንተ ሥራ ነው» በሉት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ሲያልቅ፣ ብዙ ቤተሰብ ባዶ እጁን መጠለያ ገብቷል። ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ዱላ ይዞ፣ ጥጥ የተለጠፈባቸውን ሕፃናት እየነዳ አዳራሹን ያስቅ።

ትልቁ ጥፋት ግን በሰብአ ሰገል ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ወርቅ፣ እጣንና ከርቤ ይዘው መጡ ይላል ወንጌሉ። ወርቁ እዚሁ ከእኛ በላይ ከአዶላና ከሻኪሶ ይወጣል። እጣኑና ከርቤው በቦረናና በሊበን ቆላ ከበቀሉ ዛፎች ይለቀማል፤ ግመሉም ደጃችን ነው። ከብት ሲጠብቅ ከግንዱ ላይ ሙጫ እየለቀመ ያደገ ልጅ፣ ጣት ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ፍም ላይ ሲወድቅ ጭሱ እንዴት እንደሚሸት ያውቃል። ስጦታውን ይዞ ቢንበረከክ የያዘውን የሚያውቅ እሱ ነው። ስለዚህ ከዘውዱ አርቁት። ዘውዱ ለነጋዴው ልጅ ይሁን፤ አባትየው ድምፅ ማጉያውን አውሷል። ሣጥኑም በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ባዶ ካርቶን ይሁን፤ እጣን ለቃሚዋን እናት ጥቂት ፍሬ እንድታመጣ እንዳትለምኑ።

በማግስቱ «ልጄን ለምን በግ አደረጋችሁት?» የሚል ወላጅ ከመጣ፣ «ራሱ መርጦ ነው» በሉት። ልጁን ግን ምን መሆን እንደሚፈልግ አትጠይቁ።