አልጋ ላይ ያለ ሹም

መገናኛ ላይ ሚኒባስ የሚያሽከረክር ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ «ይህች ፊደል ወዴት ዞራለች?» ተብሎ ካልመለሰ መንጃ ፈቃድ አያገኝም። ጥቂት ሰው ጭኖ ኮተቤ ለመድረስ! ሚኒስትር ቢሆን ኖሮ አገር ሙሉ ያሳፍር ነበር፤ ፊደሏ ወዴትም ብትዞር ጠያቂ የለውም። «ሹመት ያዳብር» ብለን እንሸኘው ነበር እንጂ።

ደግም አደረግን። የየካው መምህር 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ ጠመኔ ከባድ ነዋ! አገር ግን ቀላል ናት፣ በአማካሪም ትያዛለች።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ነገሩን አስቦበታል። አንቀጽ 70 የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ የሚቀበለውን ፕሬዚዳንት ስድስት ስድስት ዓመት ሰጥቶ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ከልክሎታል። ሥልጣን የሌለው ሰው ሥልጣን ላይ ሲቆይ ያስፈራላ! ጦሩን የሚያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን በአንቀጽ 72 የሥራ ዘመኑ የምክር ቤቱ ዘመን ነው፤ ምክር ቤቱ በታደሰ ቁጥር እሱም ይታደሳል፣ እስከ ስንቴ እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። በ2010 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር «በሁለት ዙር እንገድበው» ማለታቸው ተሰምቶ ነበር። ደግነቱ አንቀጹን ማንም አላስቸገረው።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ የሚል ቀና ብሎ እንጦጦን ይይ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ። በ1902 ግን ሕመም አካላቸውንም አንደበታቸውንም አሰረው። እቴጌ ጣይቱ እየሾሙ እየሻሩ ቆዩ፤ እሳቸውንም መኳንንቱ አራቋቸው። እንደራሴ የሆኑት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ፤ በሽተኛው አሁንም ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉም ሞታቸው ተሸሸገ። በቃላት ደረጃ ግን የዋሸ የለም፤ ዙፋኑም አልጋ፣ በሽተኛ የሚተኛበትም አልጋ። «ጃንሆይ አልጋ ላይ ናቸው» ቢባል ሐሰቱ የቱ ላይ ነው?

በ2004 ክረምትም መለስ ዜናዊ ለሁለት ወር ያህል ከዓይን ሲሰወሩ፣ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ እያገገሙ ነው ስንባል ቆየን። ነሐሴ 15 ማለዳ ሞታቸውን ሰማን። ዕረፍቱስ ዕረፍት ነበር።

ምርመራ የግድ ነው የምትሉ ካላችሁ እኔ መላ አለኝ። ሹማምንቱ፣ መኪናም አጃቢም ሳይዙ፣ እንጨት ተሸካሚ እናቶች በሚወርዱበት ቀጭን መንገድ እንጦጦ ይውጡ። ጫፍ ላይ ሐኪም ይቁም፤ የልብ ምታቸውን ትቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ክቡርነትዎ፣ ሥልጣን ላይ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ገና መጀመሬ ነው» ያለ ካለ፣ እዚያው አልጋ ይነጠፍለት።