በጊዜውና በበጀቱ የተጠናቀቀ ድንኳን

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት አያቴ ሲተርቱ እኔን እያዩ ነበር። ይሄ በልጅነቴ ነው እንግዲህ። ጎረምሳ ስሆን አላሳፈርኳቸውም፤ ይኸው ጸጉሬ ገብስማ ሆኖም ቃላቸውን ጠብቄ አለሁ። የዛሬውን ጉድ ለየት የሚያደርገው ግን በእርግጥም ተልኬ መሆኑ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ ያዙኝና «አንተ መቼም የተማርክ ነህ። ድንኳኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ለቀስተኛው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ አስቸገረን፤ እስቲ አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ። ልብ በሉልኝ፣ ያሉት «አንድ ነገር አድርግ» ነው። ድንኳን ግዛ አላሉም። ትልቅ ድንኳን ግዛማ ጭራሽ አላሉም።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ለፕሮጀክት አመራር ሥልጠና ቢሾፍቱ ልኮኝ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ አበሌን እየቆጠርኩ ተምሬ መመለሴ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሥልጠና የተመለሰ ሰው ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሚስቱ ሽንኩርት ግዛ ብትለው የሥራ ዝርዝር ያወጣል። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሥለው አንዱን ጎን ጊዜ፣ አንዱን ወጪ፣ አንዱን የሥራው ወሰን አሉት። ይቺ ሦስት ማዕዘን ልቤን ሰረቀችው። ከሻይ እረፍት በኋላ ምን እንደተባለ አትጠይቁኝ፤ ሳምቡሳው ትኩስ ነበር፣ ወረፋውም ረጅም፣ ስገባ ትምህርቱ ተጋምሶ ኢሪዲየም የሚባል ነገር ላይ ደርሰዋል።

ኢሪዲየምን ግን አልረሳውም። የሞቶሮላ መሐንዲስ ሚስት ባሃማስ ለእረፍት ሄዳ አሜሪካ መደወል አቃታት ይባላል። ከዚያ ተነሥተው፣ ዓለምን ሁሉ የሚሸፍን ስልክ እንዘርጋ ብለው 66 ሳተላይት ሰቀሉ። ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ተጀመረ፤ በነሐሴ 1999 የኢሪዲየም ኩባንያ ኪሳራ አወጀ። ሳተላይቶቹ ተበላሽተው እንዳይመስላችሁ፣ ወለም ዘለም ሳይሉ ይሠሩ ነበር። ስልኩ ግን ጡብ የሚያህል ነው፣ ዋጋው 3 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ጣሪያ ሥር ከገቡ ደግሞ አይሠራም። ይደውልበታል የተባለው ነጋዴ የሚውለው ሆቴልና ቢሮ ውስጥ፣ ማለትም ጣሪያ ሥር ነው። ሐሳቡ ከተጸነሰ እስኪወለድ ከአሥር ዓመት በላይ ሲፈጅ፣ በመካከሉ ተራው ሞባይል ከተማውን ሁሉ አዳርሶት ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ቢል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳምቡሳው ትን እስኪለኝ።

ወደ ሰፈሬ ልመልሳችሁ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ለፕሮጀክቱ ስም አወጣሁለት፤ «የእድር መሠረተ ልማት ማዘመኛ፣ ምዕራፍ አንድ»። ምዕራፍ ሁለት ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የየሥራው ጊዜ በመስመር የሚታይበት፣ በቀለም ያሸበረቀ የጋንት ሠንጠረዥ ሠርቼ አተምኩና የወሩ ስብሰባ ላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አንድ አባት መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉና «ልጄ፣ ይሄ ሰማያዊው መስመር ዝናብ ያስጥላል?» ብለው ጠየቁኝ። «እሱ የግዥው ጊዜ ነው አባባ» አልኳቸው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፣ የሠሩኝ ይበቃኛል) እጃቸውን አውጥተው ስፋቱን ጠየቁ። «አሥር በሃያ ሜትር!» ስል ጭብጨባው ቀለጠ። እትዬ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው አንድ ነገር አሉ። አድናቆት መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው። ኋላ ስሰማ ለካ ያሉት «የት ሊተክለው ነው?» ነው።

መርካቶ የሄድኩ ዕለት ደግሞ ነጋዴው ሳይቀር ጠየቀኝ። «ለምን ፈልገኸው ነው ወንድሜ?» አለኝ። «ለእድር» አልኩት። ድንኳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ድንኳኑን አየ። ነጭ ነው፤ ነጭ ስላችሁ በረዶ ነው። የብረት ቋሚና አግዳሚ፣ በጎኑ ቅስት ቅስት መስኮት፣ ውስጡ ደግሞ ሮዝ ጨርቅ ከጣሪያው እየተጥመለመለ ይወርዳል። «ለእድር ከሆነ እንኳ…» ብሎ ሊቀጥል ሲል «አንተ ዋጋውን ንገረኝ» ብዬ አፉን ያዝኩት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ምን ያድርገኝ? ዋጋ ሳይቀር ቀነሰልኝ። ከበጀት በታች ማለት ነው! ከመርካቶ እስከ ሰፈር በአይሱዙ ጭኜ ስመለስ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጥኩት አቀማመጥ የጃንሆይ ነበር።

የመዝጊያ ሪፖርት ጻፍኩ። «ፕሮጀክቱ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ፣ ከተመደበለት በጀት በታች፣ በተባለው ስፋት ተጠናቋል።» ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ፈረሙበት፤ ማኅተም አረፈበት። አሮጌውን ድንኳንም ንብረት አወጋገድ በሚል ርዕስ ሥር ለመንደሩ ከሰል ነጋዴ በርካሽ ሸጥኩላችሁ። ሪፖርቱን ለሚስቴ ባነበው «ሸራውን ተክላችሁ አይታችሁታል?» አለችኝ። ሴቶች ጥያቄ ይወዳሉ ብዬ ተኛሁ።

ሞት የጋንት ሠንጠረዥ አያይም። በሐምሌ ሌሊት ጥሩምባው ተነፋ። አንዲት የሰፈራችን እናት ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወጣቶቹ መጋዘን ከፍተው የብረቱን ቋሚ ተሸክመው ወጡ። ሰፈራችንን የማታውቁት እንደሆነ፣ ሶፋ የገዛ ሰው እግሩን ነቅሎ የሚያስገባበት ቅያስ ነው። ከሟች ደጃፍ ከመድረሱ በፊት መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የኔ ብረት ደግሞ አይታጠፍም። በአጥር ላይ ሞከሩ፣ በሰው ጣሪያ ላይ አሻገሩ፣ የአንዱን ቆርቆሮ አጎበጡ፣ ውሻው ሁሉ ተነሣ። በመጨረሻ «ወደ አስፋልት ይውጣ!» ተባለ። አስፋልት ላይ ሲወጣ ደግሞ ብሎኑ የአሥራ ሦስት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉ የለም። መመሪያው አለ፣ በቻይንኛ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ቁልፍ ይዞ መጣና ድንኳኑ ጎህ ሲቀድ ቆመ። ቆመ ስላችሁ፣ አስፋልት ላይ ካስማ አይገባም፤ ስለዚህ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወደ ሰማይ ልሂድ ይላል። ለየገመዱ አንድ አንድ ሰው ተመደበ። አንደኛውን ገመድ የያዝኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ እኔን በገመድ ታስሬ አይቶ ነው የገባው።

ሲነጋ የባሰው መጣ። ያ ነጭ ሸራ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል። ሮዙ ጨርቅ በቅስቱ መስኮት ብቅ ጥልቅ ይላል። የመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሶ ቀስ ሲል ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እንኳን ደስ አላችሁ! የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩም ሙሽራ እንዳጀበ ሰው ጡሩምባውን በምት እየመታ አለፈ። ውስጥ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለቅሷቸውን አቋርጠው «በሐምሌ?» ሲሉ ሰማኋቸው፣ መቼም በሐምሌ የሚዳር የለም። ሁለተኛው ሚኒባስ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጭራሽ እልልታውን አቀለጡት። የሟች የበኩር ልጅ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ ከድንኳኑ ወጣና መንገዱን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ገመድ የያዝኩትን እኔን አየ። «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። «አንተንም ያጽናህ» አለኝና ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ በጆሮዬ «አሮጌው የት ነው ያለው?» አሉኝ። ገመዴን ለሌላ አስረክቤ ወደ ከሰል ነጋዴው ሮጥኩ። ድንኳናችን የከሰሉ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ ከዝናብ ይከላከላል። «መሸጡን አልሸጥም፤ ኪራይ ከሆነ እንነጋገር» አለኝ። ተነጋገርን። ለሦስት ቀን የጠራው ኪራይ እኔ ከሸጥኩለት ዋጋ በለጠ። እድርተኛ ስለሆነ ቅናሽ አደረገልኝ፤ ቅናሹም ሪፖርቴ ላይ አልሰፈረም። ሸራውን ስናጥፍ ያ ያንጠባጥብ የነበረው ቦታ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ተሰፍቶበት አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሥሩ ያለው ከሰል ደረቅ ነው። «ይሄን ለማሰፋት ስንት አወጣህ?» አልኩት። «መርፌ ነበረኝ» አለኝ።

አሮጌው ድንኳን ቅያሱ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ ጫፉ የጎረቤት አጥር ላይ ታስሮ፣ ንፍሮው ሳይበስል ተተከለ።

የወሩ ስብሰባ ላይ የመዝጊያ ሪፖርቴ በድጋሚ ይነበብ ተባለ። እንዲህ ዓይነት ቅጣት በእድሩ ደንብ ላይ የለም፤ ለኔ ሲባል የተፈጠረ ነው። «ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ» ሲባል ሳቅ፣ «በተባለው ስፋት» ሲባል የባሰ ሳቅ። እትዬ ተነሡና «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…» ብለው ቢጀምሩ ቤቱ በአንድ ድምፅ ጨረሰላቸው። ከዚያ ተረጋግተው ነገሩን አፍታቱት። ውሃ ማንጠባጠቡ ቀላሉ ነበር፤ ከባዱ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ሲሞት ነው። አምና ደርሶብናል፤ ድንኳኑ ለአንዱ ሄዶ ሁለተኛው ቤተሰብ ለቀስተኛውን ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። በኔ ድንኳን ዋጋ አራት ልጆች በጨለማ የሚተክሏቸው ሁለት ትንንሽ ድንኳኖች ይገዙ ነበር፤ ለድስትም ይተርፍ ነበር። ይህን ሁሉ ቡና ላይ ሴቱ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ያማከርኩት ኮምፒውተሬን ነው።

ሥልጠናው ላይ ከጎኔ የነበረውን ባልደረባዬን ከሻይ በኋላ የተባለውን ማስታወሻ አውሰኝ አልኩት። እንግሊዞች ፕሪንስ ቱ የሚሉት የፕሮጀክት አመራር ዘዴ ሰባት መርሆዎች አሉት አሉ። አንደኛው፣ ፕሮጀክቱ ለድርጅቱ የሚበጅበት ምክንያት ሲጀመር ብቻ ሳይሆን እስኪያልቅ ድረስ መፈተሽ አለበት ይላል። ምክንያቱ ከጠፋ ሥራው ቢጋመስም ይቆማል። በጊዜና በበጀት ማለቅ ሌላ፣ የታሰበለትን ሰው መጥቀም ሌላ። በሳምቡሳ የሸጥኩት ይሄን ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከኔ የባሰ ፈለግሁ፤ አላጣሁም። ፕሌይፓምፕ የሚባል የውሃ ፓምፕ አለ፤ የአፍሪካ ልጆች መሽከርከሪያ ላይ ሲጫወቱ ውሃ ይቀዳል የተባለለት። እ.ኤ.አ. በ2006 የያኔዋ የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ላውራ ቡሽ 16.4 ሚሊዮን ዶላር አስታወቁለት፤ እስከ 2010 4 ሺህ ይተከላል ተባለ። ጋርዲያን ጋዜጣ ሒሳቡን ቢሠራው፣ የታሰበውን ያህል ሕዝብ ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ልጆቹ ሲሰለቻቸው እናቶች መሽከርከሪያውን በእጃቸው ሲገፉ ተገኙ። የድሮው የእጅ ፓምፕ ይቅለለን ያሉ መንደሮችም ነበሩ። መርፌ ያለው ሰው እዚያም አልጠፋም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ክፋት ሳይሆን ጉርብትና ፈልጌ ነው።

ኢሪዲየምም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልሞተም። ያ 5 ቢሊዮን የፈሰሰበት ነገር በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ፣ ጣሪያ የሌለበት ቦታ የሚውሉ ሰዎች፣ ባሕረኛውና ወታደሩ ያዙት። የኔም ነጭ ድንኳን ሰው አላጣም። ከጥር ሠርግ ጀምሮ እድሩ ያከራየዋል፤ ገንዘብ ያዡ ሲያገኘኝ ሰላምታው ሞቅ ብሏል። አንዱ ሙሽራ ፎቶው ላይ እኔን ጠርቶ ሊያቆመኝ ሁሉ ፈልጎ ነበር፤ የያዝኩትን ገመድ የሚረከበኝ ሰው ቢያጣ ቀረ እንጂ።

በኪራዩ ገንዘብ አሁን ድስት ሊገዛ ነው። ሊቀመንበሩ፣ ልባቸው ቅን ነውና፣ «እሱም ይሂድ» አሉ። እትዬ መርካቶ ከመሄዳችን በፊት የወጥ ቤቱን ጉልቻ በገመድ ለኩ፣ የበሩን ስፋት ለኩ፣ ድስቱን ከእሳት የሚያወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቁ። ሱቁ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ክዳን፣ በግ ከነቀንዱ የሚያስገባ ድስት ዓይኔን ቢይዘው ገና አፌን ስከፍት እትዬ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «አንተ የመጣኸው ልትሸከም ነው» አሉኝ።