ከለር አቅላጩ ልጅሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ «ከሥራ ስትገባ ምን ትሠራለህ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አፍሬ ነው በደብዳቤ ያደረግሁት። ከለር አቀልጣለሁ።

አትደንግጪ፣ ሥራዬን አልለቀቅሁም። ጣጣው የመጣውም ከሥራዬ ነው። ምግብ ቤታችን ልጅ ይዞ የገባ ሰው ገና ወንበር ሳይስብ፣ ልጁ ምግቡ እስኪደርስ ዝም እንዲል ወረቀትና ሦስት አራት የሰም ከለር እንሰጠዋለን። ልጁ አንዷን አንሥቶ አንድ መስመር ይጭራል፣ ቺፕሱ ይመጣል፣ በቃ። ያልተነካው ከለር ሁሉ ከአጥንቱና ከሶፍቱ ጋር ወደ ቆሻሻ! የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥበሽ ጤና አዳም የምትተክይ ሴት ይህን ብታዪ አሠሪዬን በኩርኩም ነበር። እኔም ልጅሽ ነኝና ኪሴን መሙላት ያዝሁ።

ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። ብራያን ዌር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው እንዲሁ ምግብ ቤት ተቀምጦ «ይሄ ሁሉ ከለር የት ይገባል?» ሲል ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሰ። ከየምግብ ቤቱ የተሰበሰበውን አቅልጠው ለሕፃናት ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣሉ። ሦስት ማዕዘን አድርገው ነው የሚያወጡት፤ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ከታመመ ልጅ አልጋ ላይም ተንከባሎ አይወድቅም። የእኔ ግን ዳይኖሰር ነው። የልጅ ልጅሽ ሌላ ቅርጽ አትቀበልም።

የሚያስመርረው መላጡ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ካልቆየ ወረቀቱ አይለቅም። ባለፈው እሑድ ጥፍሬ ሥር ሐምራዊ ገብቶ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ አስቀደስሁ። የተላጠውን ሰባብሮ የሲሊኮን ፎርማ ውስጥ መሙላት፣ ከዚያ ኦቭኑን 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርጎ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ያኔ እኔና ልጄ መስታወቱ ላይ እንደፋለን። መጀመሪያ ጠርዙ ይላላል፤ ቢጫው ወደ ሰማያዊው ይንሸራተትና መገናኛቸው ላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ይወጣል። በዚህ ሰዓት ማማሰል ክልክል ነው። ካማሰሉት ሁሉም ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ መልክ ያለው ዳይኖሰር ደግሞ እንባ ያመጣል።

የምግብ ቤቱ ከለር ርካሽ ስለሆነ ሰሙ በዝቶ ቀለሙ ያንሳል። ሲረጋ ቀለሙ ከታች ይዘቅጥና ሰሙ በቀዘቀዘ ወጥ ላይ እንዳለ ስብ ከላይ ይቀራል። በዚያ በኩል ወረቀቱን ብትፈትጊው አይጽፍም። ስለዚህ ቁርጥራጭ ክራዮላ እቀላቅልበታለሁ። ክራዮላን በፈረንጆቹ 1903 ያወጡት ቢኒና ስሚዝ የሚባሉ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ስምንቱን ከለር በአምስት ሳንቲም ይሸጡት ነበር። የአጎት ልጆች፣ ያውም በሽርክና! የእኛዎቹ ስለዚያች ወፍጮ ስንት ዓመት እንደተካሰሱ አንቺው ታውቂያለሽ።

ምራትሽ ሕግ አውጥታለች፤ ከለር የነካው ዕቃ ምግብ አይነካም። ፎርማው ለብቻ፣ ትሪው ለብቻ፣ መስኮቱም ክፍት። ወደ ኦቭኑ ጠጋ ስል «ዛሬ ድፎ ነው ዳይኖሰር?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የድፎውን ትሪ አንድ ቀን ዓይኔ አይቶት ነበር።

ለበዓል የሚመጣ ሰው አግኝቼ አንድ ከረጢት ሙሉ ልኬልሻለሁ፤ ለጎረቤት ልጆች አድይልኝ። ከበድ ስላለ ስልክ ነው ብለሽ ለሰፈሩ እንዳታወሪ። ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ይቀልጣል። ለአባባ ግን ከረጢቱ ሳይፈታ ከረሜላ አለመሆኑን ንገሪልኝ፤ ቀዩ በጣም ያታልላል። ለሰውየው በርበሬና ሽሮ ስጪልኝ፤ ሻንጣውን ባዶውን እንዳይመልስ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ልጅሽ