ነገረ እቁብ ወይሉኝታ፦ በአሥራ ሁለት እቁብተኞችና በአንዲት ጳጉሜ ላይ የተደረገ ጥልቅ ሐተታ

ገንዘብ ለምን አይበረክትም የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ እስከ ዛሬ ለባንክ ባለሙያዎች ተትቶ ነበር፤ ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል። የባንክ ሰው ስለ ወለድና ስለ መያዣ ይመራመራል እንጂ የሐበሻን ኪስ በእርግጥ የሚያስተዳድረውን ታላቅ ኃይል፣ ማለትም ይሉኝታን፣ በመዝገቡ አስፍሮት አያውቅም። ይህ ሐተታ ክፍተቱን ለመሙላት፣ ቢቻልም አንባቢን በዕውቀት ለማድከም ተጽፏል።

ይሉኝታ ገንዘብን እንዴት እንደሚያጠፋ ለማየት የደመወዝ ማግስት ወደ አንድ ምሳ ቤት እንግባ። ሁለት ባልደረቦች አንድ ሽሮና አንድ ጥብስ ጨርሰዋል። አስተናጋጇ ሒሳቡን ይዛ ስትመጣ ሁለቱም እኩል ይነሣሉ። «ኧረ በእናትህ!» «በሞቴ፣ ዛሬማ አይሆንም!» አንዱ የሌላውን ክንድ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ የተያዘው በግራ እጁ ባለ 200 ብር ኖቶቹን በአስተናጋጇ የሽርጥ ኪስ ሊከት ይንጠራራል። አሸናፊው ላቡን ጠርጎ ይቀመጣል። ይህን ጀግና ወሩ በገባ በ22ኛው ቀን ብንጎበኘው ምሳ ሰዓት ላይ «ጾም ነኝ» ብሎ ቢሮ ቀርቷል፤ ባሕረ ሐሳቡን ብንመረምር ጾም የለም።

ጠቢባን አባቶቻችን (እናቶቻችን ብንል ወደ እውነቱ ይቀርባል) ይህንኑ አውዳሚ ጎርፍ ገድበው መስኖ አደረጉት፤ እቁብ አሉት። ለራሱ የገባውን ቃል ሲያፈርስ ቅር የማይለው ሰው፣ ጸሐፊዋ ደብተሯን ከፍታ በመነጽሯ በላይ ቀና ብላ ስታየው ተበድሮም ቢሆን ይጥላል።

አሁን ወደ ስሌቱ። አሥራ ሁለት ሰዎች ከመስከረም እስከ ነሐሴ በወር 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣው 60,000 ብር ነው። መስከረም የወጣለት ሰው 55,000 ብር ያለ ወለድና ያለ መያዣ፣ በዋስ ብቻ ተበደረ ማለት ነው። ነሐሴ የደረሰው ምስኪን ግን ሰው ሲያበድር ከረመ። ያንኑ ገንዘብ በየወሩ ባንክ ቢያስቀምጥ ኖሮ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ባደረገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ፣ ግብር ሳይቆረጥ 1,925 ብር ባገኘ ነበር። ለዚህ ኪሣራ ሳይንስ ስም ስላላወጣለት እኛ «የሐፍረት አበል» ብለነዋል፤ አሥራ አንድ ሰው በዓይነ ቁራኛ እንዲጠብቅህ የምትከፍለው ደመወዝ ነውና። በወር 160 ብር ገደማ ይመጣል። በዚህ ዋጋ ዘበኛ አይገኝም።

(ፍራሽ ሥር ስለሚደረገው ቁጠባ ብዙ አንልም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ፍራሾች ሁሉ ስለተናዘዙ ጉዳዩ ተዘግቷል።)

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊቃውንት ይነሣሉ። «ኑሮ በየወሩ እየናረ የነሐሴው 60,000 የመስከረሙን ያህል ይገዛልን?» ይላሉ። አይገዛም፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን እነዚህ ሊቃውንት ጳጉሜን ረስተዋል። የኢትዮጵያ ደመወዝተኛ አሥራ ሦስት ወር ይበላል፣ የአሥራ ሁለት ወር ይከፈለዋል። እነዚያ 5 ቀናት (በአራት ዓመት አንዴ 6) እንዳለፉ የእንቁጣጣሽ በግ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ከዚያም መስቀል ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ዕጣ እልል የተባለለት ሰውዬ በዚህ ጊዜ የት ነው? 60,000ው ድሮ ሶፋ ሆኗል፤ እሱም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ከማን እንደሚበደር ያሰላስላል። ምስኪን ያልነው የነሐሴው ባለ ዕጣ ግን በጉን መርጦ፣ ምዝገባውን ከፍሎ፣ የሚተርፈውን ባንክ ያስገባል። የወለዱን 1,925 ብር የሚያስከነዳ ዕዳ ሳይገባ ዓመቱን ተሻገረ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነሐሴ ከደረሰህ ተራ ቀይረኝ የሚል ቢመጣ እሺ አትበል። መስከረም የወጣለት ወዳጅህ ዋስ ሁነኝ ሲልህ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ይሉኝታህን ቤት አስቀምጠህ ሂድ፤ እሱ ቢጠፋ ቀሪውን 55,000 ብር የምትጥለው አንተ ነህ።