«እስማማለሁ»

ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ተጠራጣሪ ነው። ኢስሊ ውስጥ አንዲት ክፍል ሊከራይ ሲነሳ ውሉን ለሦስት ሰው ያስነብባል፤ «የውኃው ሒሳብ በማን ነው?» እያለ አከራዩን ያፋጥጣል፤ ቀብድ ሲሰጥ ምስክር ያቆማል። መልስ የተሰጠውን ሽልንግ ቆጥሮ ሲያበቃ እንደገና ይቆጥራል። ሕፃን ልጁን ሰው አተኩሮ ካየበትማ በቡዳ ፍራቻ ነጠላውን ያለብሰዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የሚሠራው እስከ ስልኩ ድረስ ነው። አዲስ አፕ ሲጭን ያ ማለቂያ የሌለው ውል ከች ሲልበት በአውራ ጣቱ ቁልቁል ያንደረድረውና ከግርጌ ካለው ደማቅ አረንጓዴ ቁልፍ ላይ ያርፋል፦ «እስማማለሁ»። «አልስማማም» የሚለው ደግሞ በቅጡ በማይታይ ግራጫ ተጽፎ ጥግ ይዟል።

ምግብ ቤት ያላቸውን አንዲት እናት «እትዬ፣ አንብበውት ነው?» ብላቸው፣ «እሱን ሳነብ ሽሮዬ ይረር እንዴ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያሰሉት፣ አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግል መረጃ ፖሊሲ ሁሉ ላንብብ ቢል ከ200 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያንም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም። በጁላይ 2023 መጨረሻ ኬንያታ የጉባኤ ማዕከል ደጅ ላይ ሰልፉ ተጥመልምሎ ነበር። አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ባለሀብት ሳም አልትማን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ወርልድኮይን የተባለ ድርጅት፣ ኳስ በሚመስል መሣሪያ የሰውን የዓይን ብሌን እያነሳ 25 ዲጂታል ሳንቲም ያድል ነበር፤ በጊዜው ምንዛሬ ወደ 7,000 ሽልንግ። ብሌን ደግሞ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። መንግሥት በኦገስት መጀመሪያ ሥራውን ሲያግደው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓይናቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ገብተው ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በሜይ 2025 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሮዝሊን አቡሪሊ፣ በጥቅም ተደልሎ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም ብለው መረጃው በሰባት ቀን ውስጥ እንዲጠፋ አዘዙ። ግሩም ፍርድ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ግን ከእኛ ሠርግ ስንቱ በፈረሰ!

የባሰው የስልክ ብድር ነው። ድሮ ብድር የፈለገ ሰው ዋስ ይለምናል፤ ዋሱም ሚስቱን አማክሮ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተሰውሮ፣ እያመነታ ይፈርማል። የስልኩ አበዳሪ ዋስ አይጠራም። «የስልክ ማውጫዎን እንድናይ ይፈቅዳሉ?» ይላል ብቻ። «እስማማለሁ» በተባለ ቅጽበት ማውጫው ውስጥ ያለ ሁሉ፣ አለቃ፣ አማት፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ ለፋሲካ በግ የሸጠ ነጋዴ ሳይቀር፣ ሳያውቀው ዋስ ሆኖ ያድራል። ማጋነን አይደለም፤ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2023 ሙላ ፕራይድ የተባለውን አበዳሪ 2,975,000 ሽልንግ ቀጥቶታል፤ ጥፋቱም ከሌላ ሰው ባገኘው ስምና ቁጥር እየደወለና እየጻፈ ሰዎችን ማስፈራራቱ ነው።

ሕግ ቢወጣም፣ ቅጣት ቢጣልም፣ ጣት ልማዱን አይተውም። እስቲ አስቡት፤ አንዱ ምስኪን ለቤት ኪራይ 3,000 ሽልንግ ተበድሮ ቀኑን አሳለፈ። አበዳሪው ማውጫውን ከላይ ጀመረና በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ የመጀመሪያው «አባ» ሆነው ተገኙ፤ የነፍስ አባቱ። እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሊሳለም ቀረበ። መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳርፈው፣ ጎንበስ ብለው በጆሮው፦ «ልጄ፣ ያችን ሦስት ሺህ መቼ ነው የምትከፍላቸው? እኔን እኮ እንቅልፍ ነሱኝ።»