ሞኒተር ታቅፎ ሊማሊሞን መውጣት

የአክስቴ ሞኒተር እኛው ቆላ፣ ዛሪማ ላይ ጨለመ። ያውም በፈተና ሰሞን! ኮፒ ቤቷ በር ላይ ጥያቄ የሚያስተይብ መምህርና አቤቱታ የሚያስጽፍ ገበሬ ተሰልፈዋል። ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ያጉረመርማል፤ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ይልና ድርግም። ከታች ብርቱካናማ መብራት ብቻ ብልጭ ትላለች።

ምክር ሞልቷል። አንዱ «መብራት ሲመለስ በኃይል መጥቶ አቃጥሎታል» አለ። ሌላው ጀርባውን ጥፊ አቀመሰው። የቪጂኤ ገመዱን ነቅለን፣ ከ15ቱ እግሮች የታጠፈ እንዳለ አየን፤ ሁሉም ቀጥ ብለዋል። አክስቴ ፍርዷን ቀድማ ጨርሳለች፦ «ልጄ፣ ሳጥኑማ ድምፁን ያሰማል፤ ዝም ያለው ይኸ ነው። ደባርቅ አውጣው።» በጋቢ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ።

ሊማሊሞን ለማያውቅ፦ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደል ጠርቦ የሠራው፣ ከቆላው ወደ ሰሜን ተራሮች እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። መኪናው በየእጥፋቱ ሲያጋድል ሞኒተሩ ጎኔን ይወጋኛል፤ ጭላዳዎች ከገደሉ ጠርዝ ሣር እየነጩ ያዩናል። ፈረንጅ እነሱን ለማየት ደባርቅ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ አጃቢ አስከትሎ ወደ ፓርኩ ካምፕ ሳንቃበር ይሄዳል። እኔ በትራንስፖርት ሒሳብ ብቻ አየኋቸው፤ ደስታው ግን በጎኔ በኩል አልደረሰኝም።

የደባርቁ ጠጋኝ ከራሱ ሳጥን ጋር ሲያገናኘው ምስሉ ፍንትው አለ። «ወንድሜ፣ ይኸ ጤነኛ ነው። ብርቱካናማ መብራት ስታበራ፣ ኤሌክትሪክ አግኝቻለሁ፣ ምስል የሚልክልኝ ግን አጣሁ ማለቷ ነው። ሳጥኑን አምጣው» አለ። ሳንቲም አልተቀበለኝም። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲወርድ ውስጡ ላብ ሊቋጥር ስለሚችል ቶሎ እንዳልሰካውም አስጠነቀቀኝ።

ወረድኩ፤ ጠበቅሁ፤ ሰካሁ። ጨለማ።

አክስቴ አገጯን ይዛ አሰበች። ደባርቅ ሲወጣ ይድናል፤ ዛሪማ ሲወርድ ይታመማል። «ደገኛ ነው፤ ቆላው አልተስማማውም» አለች። ወባ ፈርቶ ቆላ የማያድር ደገኛ ብዙ አይተናል፤ በመስታወትና በፕላስቲክ ላይ ሲፈረድ ግን ገና መስማቴ ነው። ሳጥኑ ይሂድ ብላት «የሰው ሁሉ አቤቱታ ያለበትን? በሊማሊሞ? አይሞከርም!» ብላ ሞኒተሩን መልሳ አስታቀፈችኝ።

ጠጋኙ ያንኑ ሞኒተር ሲያይ ሳቀ፤ በስልክ ሊመራኝም ተስማማ። ዛሪማ ስመለስ መጀመሪያ የኪቦርዱን ነምሎክ አስነካኝ፤ መብራቷ ንቅንቅ አላለችም። «በል እንግዲህ፣ ሳጥኑ አልነቃም። የምትሰሙት ማራገቢያውን ነው» አለ። ገመዱን ነቅዬ ጎኑን ከፈትኩ። አቧራው አይጣል ነው! ራም የምትባለውን የማስታወሻ ካርድ መያዣዎቿን ወደ ውጭ ገፍቼ አወጣኋት፤ ወርቃማ ጥርሶቿን በተማሪ ላጲስ ፈትጌ፣ ፍርፋሪውን አራግፌ፣ ቀጭ እስክትል መልሼ ተጫንኳት። አቧራና መንገጫገጭ፣ መሞቅና መቀዝቀዝ ሲደጋገም ንክኪዋ ይላላል አለኝ።

ሳበራው ምስሉ መጣ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። «አላልኩም? የደጋ አየር ሳበና ዳነ!» ስለ ራሟ ላስረዳ ስጀምር መምህሩ ወንበር ስቦ ጥያቄውን ማስተየብ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ጎረቤት ምስል እምቢ ያለ ቴሌቪዥኗን ተሸክማ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደባርቅ መቼ ነው የምትወጣ?»